አረፋ በጠባብ ቦይ፦ ከቱሉ ዲምቱ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 8፣ 2018

ቅዳሜ ጠዋት። ከብሎካችን ጀርባ ልብስ ይታጠባል። እጣቢው በአንዲት ጠባብ የሲሚንቶ ቦይ ይወርድና ጥግ ላይ ደርሶ ይታጠፋል። ባልዲ ይዤ ሳልፍ ዓይኔ ቦዩ ላይ ቀረ። አረፋው ቀጥ ባለው ቦታ ሁለት ረድፍ ሠርቶ፣ ተሰልፎ ይሄዳል። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ግን ሰልፉ ይፈርሳል። በውስጥ በኩል ያሉት ይቀድማሉ። በውጭ በኩል ያሉት ይቀራሉ። ጎረቤት የነበሩት ይለያዩና ከሌላ ጋር ይገጥማሉ። ባልዲውን አስቀምጬ ሩብ ሰዓት ያህል ቁጢጥ ብዬ አየሁት።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የገጽ ውጥረትን፣ የፈሳሽን ገጽ እንደ ተወጠረ ቆዳ የሚያሳንሰውን ኃይል፣ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ይህን ግን እንዲህ ቀርቤ አይቼው አላውቅም። ማታ ወሰንኩ። በኮምፒውተር እሠራዋለሁ፣ በሁለት መስታወት መሃልም እሠራዋለሁ፣ ሁለቱ እስኪገጥሙ ድረስ አልተወውም።

ለአጻጻፍ እንዲመች፦ አረፋ ስል ክምሩን ሁሉ ነው። አንዷን ለብቻዋ ፊኛ እላታለሁ። በሁለት ፊኛዎች መካከል ያለችውን ስስ የሳሙና ውሃ ገለፈት እላታለሁ፣ እንደ እንቁላል ገለፈት።

ጥቅምት 11

ኮድ ከመጻፌ በፊት ሕጉን ላስታውስ። ቤልጅየማዊው ጆሴፍ ፕላቶ የሳሙና ገለፈትን ሕግ የያዘውን ትልቅ ሥራውን ያሳተመው በ1873 እ.ኤ.አ ነው (የሳይንሱን ዓመታት ሁሉ በእ.ኤ.አ ነው የምጽፈው)። ያኔ ዓይነ ስውር ነበር። ሽቦውን ሳሙና ውሃ ውስጥ የሚነክሩለት፣ ያዩትንም የሚነግሩት ሌሎች ነበሩ። ያገኘው ነገር አጭር ነው። በአንድ መስመር ላይ የሚገናኙት ገለፈቶች ሁልጊዜ ሦስት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 120 ዲግሪ ነው። አራት ሆነው አይቆዩም። ይህን በሒሳብ ሙሉ በሙሉ ያረጋገጠችው ዣን ቴይለር ናት፣ በ1976። ከመቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

"አራት ሆነው አይቆዩም" የሚለው ለእኔ ዋናው ነው። ቦዩ ላይ ያየሁት መለያየት ከዚያ ይመጣል። አንዲት ገለፈት እያጠረች፣ እያጠረች ትሄድና ዜሮ ትሆናለች። ለቅጽበት አራት ገለፈቶች በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። ያ አይጸናም። ወዲያው አዲስ ገለፈት በሌላው አቅጣጫ ትከፈታለች። ጎረቤት የነበሩት ሁለቱ ይለያያሉ፣ ያልተገናኙት ሁለቱ ጎረቤት ይሆናሉ። በሙያው ቋንቋ "ቲ 1" ይባላል። እኔ ቅያሬ እለዋለሁ።

ጥቅምት 15

የመጀመሪያው ሙከራ ፈረሰ። አራት ቀን በላ።

ቀላሉን መንገድ ነበር የመረጥኩት፤ ዳግላስ ዱሪያን በ1995 ያቀረበውን። ፊኛዎቹን እንደ ክብ ሳንቲም ታስባቸዋለህ። ሲደራረቡ ይገፋፋሉ፣ ሲተላለፉ ይጎተታሉ። ኮዱ አንድ ምሽት አልፈጀም። ቆንጆም ይሄዳል። ችግሩ፣ ያ ሞዴል ውሃ ለበዛበት፣ ፊኛዎቹ ክብ ሆነው ለሚቆዩበት አረፋ የሚስማማ ነው። የእኔ አረፋ ደረቅ ነው፤ ፊኛዎቹ ተጣብቀው ባለ ማዕዘን ሆነዋል። ሳንቲሞቹ ደግሞ 120 ዲግሪን አያውቁም። ሞዴሉ ጥፋት የለበትም፣ እኔ ነኝ ያለ ቦታው የወሰድኩት።

ስለዚህ ከርን፣ ዌየር፣ ማርቲን፣ ኸትስለርና ኮክስ በ2004 ወዳወጡት ሞዴል ዞርኩ። እዚያ የምትከታተለው ገለፈቶቹን ነው። እያንዳንዷ ገለፈት የነጥቦች ሰንሰለት ናት። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሦስት ነገር ይመዘናል፦ በሁለቱ ወገን ያለው የግፊት ልዩነት ይገፋታል፣ ጉብጠቷ በገጽ ውጥረት በኩል ሊያቃናት ይስባታል፣ ከላይና ከታች ያለው መስታወት ደግሞ በሰበቃ ይይዛታል። የሚገፋው ከሚይዘው ጋር ሲተካከል ፍጥነቷ ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። የፊኛዋ ስፋት ግን መለወጥ የለበትም፤ አየሩ የትም አይሄድምና።

አየሩ ይጨመቃል ወይ? ቁጥሩን አሰላሁት። በእኔ ፊኛዎች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 15 ፓስካል ገደማ ነው። እኛ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ያነሰ ቢሆንም 77,000 ፓስካል ይጠጋል። 15 ከዚያ ጋር ምንም ነው። ስፋቱ ቋሚ ነው ማለት ይቻላል።

ጥቅምት 22

ዛሬ የእጅ ሥራ። መስታወት ቤት ሄጄ ሁለት ባለ 4 ሚሊ ሜትር የመስኮት መስታወት አስቆረጥኩ። በመሃላቸው የሚገባውን ያገኘሁት ከሰፈራችን ጫማ ሠሪ ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር የሶል ጎማ። በምላጭ ቦዩን ቆረጥኩበት፣ ስፋቱ 14 ሚሊ ሜትር፣ ሄዶ በግማሽ ክብ የሚመለስ፣ እንደ ፈረስ ጫማ። ጫማ ሠሪው "ምን ዓይነት እግር ነው ይሄ?" አለኝ። ነገርኩት። ሌላ ቁራጭ ጨመረልኝ፣ ገንዘብም አልተቀበለኝም።

ፈሳሹ ላርጎ፣ ውሃና ከፋርማሲ የተገዛ ግሊሰሪን ነው። ግሊሰሪኑ ውሃው ቶሎ እንዳይወርድና ገለፈቱ እንዳይበጠስ ይረዳል።

ጥቅምት 23

የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ተውሼ ነበር። አይሆንም። ፓምፑ ይመታል፣ እያንዳንዱ ምት ደግሞ የፊኛውን መጠን ይለውጣል። አንዷ ትልቅ፣ አንዷ ትንሽ። ከሰዓት በኋላ መብራትም ሄደ።

መብራት መሄዱ መልሱን አመጣ። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ ቁም ሳጥን ላይ አወጣሁት። በግሉኮስ ቱቦ ወደ ታች፣ ወደ ታሸገ ባዶ ጠርሙስ አወረድኩት። ውሃው ሲገባ የጠርሙሱን አየር ያስወጣል። አየሩ በሲሪንጅ መርፌ በኩል ሳሙናው ውስጥ ይገባል። የግሉኮሱን ተሽከርካሪ መቆጣጠሪያ በአውራ ጣት ስታሽከረክረው ፍጥነቱ ልክ እንደፈለግከው ይሆናል። ምት የለም፣ ድምፅ የለም። ፊኛዎቹ አንድ ዓይነት ሆነው ወጡ።

አንድ ጥንቃቄ ለሚሞክር ሰው፦ ፍጥነቱን ስትለውጥ የፊኛው መጠንም ይለወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በአንድ ፍጥነት ቦዩን ሙላው። ከዚያ መርፌውን ነቅለህ ሙሉውን ሰልፍ ከኋላ በአየር ግፋው።

ጥቅምት 29

ዛሬ ቅያሬን አየሁ። በዓይን አይደለም፣ በዓይን አይያዝም። ስልኬ በሰከንድ 240 ምስል ይቀርጻል።

ሁለት ረድፍ ፊኛ፣ አንዱ ከአንዱ ተዛንፎ፣ እንደ ጡብ ሥራ። መሃላቸው ወዲያና ወዲህ የሚል መስመር ነው። መታጠፊያው ውስጥ ሲገቡ የውስጠኛው ረድፍ መንገድ ያጥራል፣ የውጨኛው ይረዝማል። መሃል ላይ ካሉት ገለፈቶች አንዷ ማጠር ጀመረች። 4 ሚሊ ሜትር፣ 3፣ 2። እስከዚያ ድረስ ዝግ ያለች ናት፣ እንደ ሰው የምታመነታ። ከዚያ በሁለት ምስል መሃል ጠፋች። በቀጣዩ ምስል ላይ በሌላ አቅጣጫ የተከፈተች አዲስ ገለፈት አለች፣ ገና እየተንቀጠቀጠች። አራቱም ፊኛዎች ቅርጻቸውን አስተካከሉ። ሁሉም ነገር በሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ አለቀ።

ሃያ ጊዜ ያህል መልሼ አየሁት።

ዋናው ነገር ግን ይኸኛው ነው። ቀስ ብዬ ስገፋ ቅያሬ የለም። ሰልፉ እንደገባ ይወጣል። በሰከንድ 3 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ካለፈ በኋላ ቅያሬው ይጀምራል፣ ከዚያ በላይ በየዙሩ ይመጣል። ደፍ አለው። ኮዱ ይህን ደፍ ካላሳየ ትክክል አይደለም።

ኅዳር 4

ኮዱ ይፈነዳል። እውነት ለመናገር አራት ማታ በዚህ አለፈ።

ምክንያቱን ዛሬ አገኘሁት። ገለፈቷ ስታጥር በላይዋ ያሉት ነጥቦች ይጠጋጋሉ። ጉብጠት የሚያቃናው ስሌት ደግሞ እንደ ሙቀት ስርጭት ነው፤ የነጥቦቹ ርቀት በግማሽ ሲቀንስ የጊዜው እርምጃ ወደ ሩብ መውረድ አለበት። የእኔ እርምጃ ቋሚ ነበር። ስለዚህ ልክ ቅያሬው ሊሆን ሲል፣ በጣም በምፈልገው ሰዓት፣ ነጥቦቹ ዘለው ከቦዩ ይወጣሉ። አሁን በየጥቂቱ ነጥቦቹን በገለፈቷ ላይ እኩል አከፋፍላለሁ፣ ገለፈት ስታጥር ነጥብ እቀንሳለሁ። ሰከነ።

ሌላም ነበረ። ገለፈት ከአንድ ልክ በታች ስታጥር ቅያሬ እንዲሆን አዝዣለሁ። አዲሷ ገለፈት ግን ስትወለድ ራሷ ከልኩ በታች ናት። ስለዚህ ወዲያው ተመልሳ ትቀየራለች፣ መልሳም፣ መልሳም። አንድ ሺህ ቅያሬ ቆጠረልኝ። አዲሷን ከልኩ በትንሹ አስረዝሜ ማስገባት ነበረብኝ። ልኩ ራሱ ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። ውሃ የበዛበት አረፋ ቶሎ ይቀየራል፣ ደረቁ ይዘገያል፤ ልኩ ያንን ይወክላል። እኔ ከቪዲዮው ለክቼ 1 ሚሊ ሜትር አድርጌዋለሁ።

መብራት በሄደ ቁጥር ስሌቱ ከዜሮ እንዳይጀምር በየአምስት ደቂቃው ሁሉን ነገር ፋይል ላይ ያስቀምጣል።

ኅዳር 7

ኮዱ ደፍ አሳየ! በዝግታ ቅያሬ የለም፣ በፍጥነት አለ። በደስታ ተነስቼ ክፍሉን ዞርኩት።

ከዚያ ቁጥሩን አየሁ። የሰበቃውን ቁጥር ያወጣሁት በዝግታ ከተቀረጸው ቪዲዮ ነው። ኮዱ ደፉን በሰከንድ 1.7 ሴንቲ ሜትር ላይ አስቀመጠው። መስታወቱ ከ3 በላይ ይላል። ይህ የመለኪያ ስህተት አይሆንም።

ኅዳር 9

ሰበቃው ነው። እኔ የጻፍኩት ሰበቃ ከፍጥነት ጋር እኩል የሚያድግ ነበር፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሰበቃውም እጥፍ። ፊኛ በጠባብ ቦታ ሲንሸራተት ግን እንደዚያ አይደለም። ብሬዘርተን በ1961 አሳይቶታል። ፊኛዋ ግድግዳው ላይ ስስ የፈሳሽ ንጣፍ ትታ ትሄዳለች። በፈጠነች ቁጥር ንጣፉ ይወፍራል፣ ሲወፍር ደግሞ መንሸራተቱ ይቀላል። ሰበቃው የሚያድገው በፍጥነት ሁለት ሦስተኛ ኃይል (አርቢ) ነው፤ ማለትም ፍጥነቱ ከሚያድገው ባነሰ። በዝግታ የለካሁትን በቀጥታ መስመር ወደ ላይ ስስበው፣ በፍጥነቱ ጊዜ የሌለ ሰበቃ ጨምሬበት ኖሯል።

አዲሱን ሕግ አስገባሁ። ኮዱ ወዲያው "ቁጥር አይደለም" ብሎ ቆመ። ፍጥነቱን ለማግኘት የሚገፋውን ኃይል በ1.5 አርቢ አነሳለሁ፤ የሚገፋው ኃይል ኔጌቲቭ ሲሆን መልሱ ተራ ቁጥር አይሆንም። ምልክቱን ለብቻ አውጥቼ፣ መጠኑን ብቻ አንስቼ፣ ምልክቱን መለስኩ። አሁን ሳስበው ጥሩ ዕድል ነው። አርቢው 1.5 ባይሆንና 2 ቢሆን ኖሮ ኔጌቲቩ ዝም ብሎ ፖዘቲቭ ይሆን ነበር። ኮዱም ሳይቆም ገለፈቶቹን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ይነዳቸው ነበር። ጮሆ የሚቆም ስህተት ይሻላል።

አዲሱ ደፍ፦ በሰከንድ 2.9 ሴንቲ ሜትር። ይህን እቀበላለሁ።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ አቃጥሎ መስኮት መክፈት አይቻልም። በ1911 ዓ.ም (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የኅዳር በሽታ ጊዜ የተጀመረ ነው ይላሉ፣ እስከ ዛሬ አልቀረም። ጭሱን ሳይ ሐሳብ መጣልኝ። አንዷን ፊኛ ከሌሎቹ ለይቶ ለመከታተል ቀለም አይሆንም፤ ቀለሙ ፈሳሹን ይለውጠዋል። ጭስ ግን አየሩ ውስጥ ይቀራል። ቡና ሲፈላ ከእጣኑ ላይ በሲሪንጅ ጭስ ስቤ ወደ ቱቦው ሰጠሁት። አንዲት ነጭ ፊኛ ከግልጾቹ መሃል ስትሄድ ወለል ብላ ትታያለች። መታጠፊያውን ስትጨርስ የውጭ ጎረቤቷ ሌላ ነበረች።

ኅዳር 14

ቪዲዮውን ለማየት ከታችኛው ፎቅ እማማ መጡ። ጉዳዩ ስለ ሳሙና መሆኑን ሲሰሙ "እንዶድስ ሞከርክ?" አሉኝ። አልሞከርኩም። ልጅ እያሉ ነጠላና ጋቢ የሚያጥቡት በእንዶድ እንደነበር፣ እንደሱ የሚያነጣ እንደሌለ ነገሩኝ። ማታ በፌስታል የደረቀ ፍሬ ይዘው ተመለሱ።

በሙቀጫ ወቀጥኩት። ገና ሦስተኛው ምት ላይ ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ያስነጥሳል፤ እማማ አስቀድመው በነጠላቸው ተሸፍነዋል። ዱቄቱን ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ አንድ ሌሊት አሳድሬ በጨርቅ አጠለልኩት። ቡናማ፣ ጠረኑ እንደ እርጥብ ሣር ያለ ፈሳሽ ነው። ጠርሙሱን ሁለት ጊዜ ነቅነቅ ሳደርገው በአረፋ ሞላ። አረፋው ደግሞ ደቃቅና ጠንካራ ነው፤ ቶሎ አይሞትም።

"አንተ ልጅ፣ ስትጨርስ ወንዝ እንዳትደፋው። ዓሣ ይገድላል" አሉኝ።

"እሺ እማማ፣ አልደፋም።"

ትክክል ናቸው። ቀንድ አውጣም ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ አድዋ አካባቢ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን አስተዋለ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። ከዚያ ተነስቶ ዓመታት ሠራበት። በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ነገሩ የተጀመረው እጣቢ ከሚወርድበት ቦታ ላይ ቆም ብሎ ከማየት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራለሁ።

ኅዳር 20

የእንዶዱ ውጤት። ያው መስታወት፣ ያው ቦይ፣ የፊኛው መጠን በተቻለ መጠን ያው። ደፉ በሰከንድ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው! ከላርጎው ሲሶ።

ሦስት ጊዜ ደገምኩት። መስታወቱን አጥቤ፣ ወደ ላርጎ ተመልሼ፣ እንደገና ወደ እንዶድ። አልተለወጠም።

መልሱ የገለፈቱ ቆዳ ላይ ይመስለኛል። የላርጎ ገጽ ልል ነው፤ ፈሳሹ ሲፈስ አብሮት ይንሸራተታል። የእንዶድ ሳፖኒን (አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገሩ) ደግሞ ገጹ ላይ ተያይዞ ግትር ያለ ቆዳ ይሠራል፣ አብሮ አይንሸራተትም። ዴንኮቭና ባልደረቦቹ በ2005 ልዩነቱን ጽፈውታል፦ ገጹ ልል ሲሆን ሰበቃው በሁለት ሦስተኛ ኃይል ያድጋል፣ ገጹ ግትር ሲሆን ግን በግማሽ ኃይል። በእነዚህ ዝቅተኛ ፍጥነቶች የግትሩ ሰበቃ ይበልጣል። ሰበቃ ሲበዛ የውጨኛው ረድፍ ቶሎ ይቀራል፣ ቅያሬውም ቶሎ ይመጣል።

ኮዱ ውስጥ አንድ ቁጥር መቀየር ነው፣ 1.5 የነበረው 2 ይሆናል። ያ ምልክት የሚበላው 2! ቀድሜ ስላስተካከልኩት አልፈራሁም። የሰበቃውን መጠን ቀጥ ካለው የቦዩ ክፍል ለክቼ አስገባሁ። ደፉን አይቼ አላስተካከልኩትም፣ ይህን ለራሴ ምዬ ነበር። ኮዱ 1.2 አለ።

ኅዳር 24

አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ደፉ ገጥሟል፣ ቦታው ግን አልገጠመም። ኮዱ ውስጥ ቅያሬው የሚሆነው በግማሽ ክቡ መሃል ነው። መስታወቱ ላይ ወደ መውጫው ተጠግቶ ነው። በላርጎም በእንዶድም እንዲሁ።

ለሁለት ቀን ኮዱን አገላበጥኩ። ከዚያ ኮዱን ዘግቼ ቪዲዮውን ቀርቤ አየሁት። ገለፈቶቹ ከጎማው ግድግዳ ጋር የሚገናኙበት ጫፍ፣ ከመሃላቸው ወደ ኋላ ቀርቶ ይሄዳል። ኮዱ ላይ ጫፉ ግድግዳው ላይ በነጻ ይንሸራተታል፣ ሁልጊዜም ቀጥ ያለ 90 ዲግሪ ነው። ከላይና ከታች ላለው መስታወት ሰበቃ ሰጥቼ፣ ጎንና ጎን ያለውን ጎማ ረስቼዋለሁ። የሶሉ ጎማ ደግሞ ሻካራ ነው፣ ለጫማ የተሠራ ነውና።

ኅዳር 26

ለጫፎቹ ለብቻቸው ሰበቃ ሰጠሁ። 90 ዲግሪው አሁን ሲቆሙ ብቻ ነው፣ ሲሄዱ ያዘነብላሉ። ስሌቱ ስለከበደ ሌሊቱን ሙሉ ተውኩት። መብራት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄዶ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስቼ ከተቀመጠው ፋይል አስቀጠልኩት።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። ቅያሬው ከመሃል ተነስቶ ከ180 ዲግሪው 140ኛው ላይ ደርሷል። ቪዲዮው ላይ የለካሁት ከ135 እስከ 150 ነው። እማማን ጠርቼ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳየኋቸው። ብዙ ካዩ በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ እየጠቆሙ "ይሄኛው የእኔ እንዶድ ነው?" አሉ። አዎ አልኳቸው።

ለቀጣዩ፣ ጫማ ሠሪው ለስላሳ ጎማ እንዳለው እጠይቃለሁ።